ዳሲቱ፣ የሰንጋ ፎቶ አንሺ

ዳሲቱ ጮክ ብላ የምትናገረው ጠብ ፈልጋ አይደለም። አቃቂ ካሉት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ ስምንት ዓመት ሙሉ ከሽመና ማሽን ጎን ቆማ ሠርታለች። እዚያ ውስጥ አጠገብ ያለችውን ሴት «ክር አቀብዪኝ» ለማለት ሳንባን እስከ ጥግ መክፈት ያስፈልጋል። ሥራውን ከለቀቀች በኋላ ማሽኑ ከጆሮዋ ወጣ፤ ከጉሮሮዋ ግን አልወጣም። ባጃጅ ላይ ተሳፍራ «ወራጅ አለ!» ስትል የራሷ ሹፌር ብቻ ሳይሆን ከኋላ የሚመጣው የጭነት መኪናም ፍሬን ይይዛል።

ፎቶ አንሺ የመሆን ሐሳብ የገባባት በፋብሪካው የመጨረሻ ቀኗ ነው። የፈረቃዋን ሴቶች በሩ ላይ ሰብስባ በስልኳ አነሳቻቸው። አሰጋሽ የምትባለው ጓደኛዋ ስልኩን ተቀብላ የራሷን መልክ ትክ ብላ አየችና፣ «እኔ እንዲህ ነኝ እንዴ? ይቺማ ቆንጆ ናት!» አለች። ዳሲቱ ያን ቀን ቤቷ እስክትገባ ይህችን ቃል በሆዷ ስታመላልስ ዋለች። በሳምንቱ አቃቂ በሰቃ ወዳለው የጋሽ ወልደሰንበት ፎቶ ቤት ሄደች።

«ሙያውን ያስተምሩኝ! እጠርጋለሁ፣ ደንበኛ እመዘግባለሁ፣ ጉርድ ፎቶ እቆርጣለሁ!» አለቻቸው።

በዚያ ድምፅ ለተነገረ ነገር እምቢ የሚባልበት መንገድ ስላልነበረ ጋሽ ወልደሰንበት እሺ አሉ።

ጋሽ ወልደሰንበት ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ጸጉሩ የተንጨባረረ ደንበኛ አይወዱም፤ ስለዚህ ከደረት ኪሳቸው ማበጠሪያ አይጠፋም። ግድግዳቸው ላይ ደንበኛ ሁሉ የሚለብሰው አንድ ጥቁር ኮትና አንድ ቀይ ከረባት ተሰቅሏል። በመላው አቃቂ እንደዚያ ከረባት ደጋግሞ ፎቶ የተነሳ ፍጡር የለም። መምህሩም፣ ሹፌሩም፣ ደላላውም፣ ተመራቂውም፣ ከአንገት በታች ሁሉም አንድ ሰው ናቸው።

ሦስት ወር ካስጠረጓት በኋላ ካሜራውን ሰጧት። «ስሚኝ ልጄ፣ ፎቶ ማለት ትንፋሽ ነው። ሰውየው እስኪረጋ ትንፋሽሽን ያዢ፣ ሲረጋ ተጫኚ» አሏት።

ዳሲቱ የተባለችውን የምታደርግ ሴት ናት። የመጀመሪያው ደንበኛ ለመንጃ ፈቃድ የመጣ ወጣት ነበር። እሷ ትንፋሿን ያዘች። እሱ ከረባቱን አስተካከለ። አንገትጌውን ነካካ። ከረባቱን እንደገና አስተካከለ። አፍንጫውን ጠረገ። ስልኩ ጠራ፣ አነሳው፣ «እየተነሳሁ ነው» ብሎ ዘጋው። ዳሲቱ ያን ሁሉ ጊዜ አልተነፈሰችም። ዓይኗ ጨለመባት፤ ካሜራውን እንዳቀፈች ሐይቅ በተሳለበት መጋረጃ ላይ ዝርግት ብላ ወደቀች። ስትነቃ ጋሽ ወልደሰንበት በፎቶ ፖስታ እያራገቡላት ነው።

«ተነሳ?» አለች፣ ሥራዋን አስባ።

«እሱን ተይውና አንቺ ተነሺ!» አሉ ጋሽ ወልደሰንበት።

መተንፈስ ከጀመረች በኋላ ሌላ ችግር መጣ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ብላ ስትቆጥር፣ ሦስት ላይ ሰው ሁሉ ከድንጋጤ የተነሳ ዓይኑን ይጨፍናል። አንድ ቀን አሥራ አራት ሠልጣኞች ለመታወቂያ መጡ። ጋሽ ወልደሰንበት ምሳ በልተው ሲመለሱ አሥራ አራቱን ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ጠበቀቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱ። አንድም የተከፈተ ዓይን የለም።

«ይሄ መታወቂያ ነው ወይስ የጸሎት ፕሮግራም?» አሏት።

ዳሲቱ አንገቷን ደፋች። እንባዋ ሲመጣ አይተው አንጀታቸው ራራ። «ዓይንሽ መጥፎ አይደለም፤ ድምፅሽ ነው ያስቸገረን። ሰው ላይ ከመጮህሽ በፊት የማይከራከርሽ ነገር ላይ ተለማመጂ። ካሜራውን ለቅዳሜና ለእሁድ ውሰጂው» አሏት።

የማይከራከር ነገር ያለው አጎቷ ቤት ነው። ኦቦ ሶሬሳ የአካባቢው የጥንት ገበሬ ልጅ ናቸው፤ እርሻው ላይ ቤት ሲሠራበት ሰንጋ ወደ ማደለብ ዞሩ። በጓሯቸው ሁልጊዜ ሦስት አራት ሰንጋ አይጠፋም። በቅርቡ ሰው መክሯቸው በቴሌግራም መሸጥ ጀምረዋል፤ ነገር ግን ፎቶውን የሚያነሱት ራሳቸው ስለሆኑ ግማሹ ላይ የሚታየው ጣታቸው ነው። አንድ ገዢ «ሻኛው የታለ? እኔ የማየው አውራ ጣት ነው» ብሎ ጽፎላቸዋል። ስለዚህ ዳሲቱ ካሜራ ይዛ ስትመጣ መርቀው ተቀበሏት።

ምርቃቱ የቆየው አምስት ደቂቃ ነው። ዳሲቱ ጥቁሩን ሰንጋ አጥሩ ጥግ አስቁማ፣ ካሜራውን አነጣጥራ፣ «ወደዚህ እይ!» አለችው። ሰንጋው ወደዚያ አላየም። ገመዱን በጥሶ፣ የግቢውን ቆርቆሮ በር ገፍቶ ወደ መንገድ ወጣ። ባጃጆች ግራና ቀኝ ተበተኑ። ኦቦ ሶሬሳ አንድ እግር ጫማ አድርገው ከኋላ፣ ዳሲቱ ካሜራውን እንደ ሕፃን አቅፋ ከኦቦ ሶሬሳ ኋላ ሮጡ። ሰንጋው የተያዘው ጎሚስታ ቤት በር ላይ ነው፤ ጎማ የሚነፋው ማሽን ሲጮህ ግራ ገብቶት ቆሞ ነበር።

«ልጄ፣» አሉ ኦቦ ሶሬሳ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፣ «ሰንጋ ሲጮህበት ሊታረድ ይመስለዋል። ለሱ በሹክሹክታ ነው።»

«በሹክሹክታ እንዴት ነው?» አለች ዳሲቱ። የምሯን ነው የጠየቀችው፤ ረስታው ነበር።

አሳዩአት። ከጎኑ ጠጋ ማለት፣ አንገቱን መዳበስ፣ በምላስ ቀስ ብሎ «ጭክ ጭክ» ማድረግ፣ ከዚያ ለጆሮው ብቻ «ጎሽ የኔ ሰንጋ፣ ጎሽ፣ ቀና በል» ማለት። ዳሲቱ ሞከረች። መጀመሪያ ከአፏ የወጣው ሹክሹክታ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። ቀኑን ሙሉ ስትለማመድ ውላ አመሻሽ ላይ ድምፅዋ ወደ ሰው ልክ ወረደ። በማግስቱ እሁድ ሰንጋው አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ዓይኑን ከፍቶ ቆመላት።

ሰኞ ጠዋት ፎቶውን ለጋሽ ወልደሰንበት አሳየች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሰንጋ ነው።»

«የቱ ጋ?»

እውነታቸውን ነው። ጥቁሩ ሰንጋ በእኩለ ቀን ፀሐይ ከነጭ ግድግዳ ፊት ለፊት ተነስቶ፣ ቀንድ ያበቀለ ጉድጓድ መስሏል። ይህ ነገር ጋሽ ወልደሰንበትን የሙያ እልህ ውስጥ ከተታቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማለዳ ኮታቸውን ለብሰው ኦቦ ሶሬሳ ግቢ ተገኙ። ሰንጋውን ገና እንዳዩት እጃቸው በልማድ ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደ፤ ማበጠሪያቸውን አውጥተው የግንባሩን ጸጉር አበጠሩለት። ከዚያ ፀሐይዋ ገና ዝቅ ብላ ከጎን ስትመጣ አስቁመው፣ ኦቦ ሶሬሳን ነጭ የማዳበሪያ ጆንያ አስይዘው ብርሃኑን በጥላው በኩል መለሱበት። ጥቁሩ ቆዳ ቡናማ፣ ሰማያዊ፣ ወርቃማ ሆኖ ወጣ። ዳሲቱ አፏን ከፍታ ቀረች።

«ለጥቁሩ ብቻ ብታስቢ ነጩ ይቃጠልብሻል፣ ለነጩ ብቻ ብታስቢ ጥቁሩ ይሰወርብሻል። መሃሉን መፈለግ ነው ሙያ ማለት» አሏት።

ከዚያ ወዲህ ዳሲቱ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሰንጋ ስታነሳ ከረመች። መልኩ የተለያየውን ሁሉ፣ ዳለቻውን፣ ቡሬውን፣ ቦራውን አነሳች። አንዱ ሌንሱን ላሰባት፤ አንዱ ጆንያውን ከኦቦ ሶሬሳ እጅ ነጥቆ ግማሹን በላ። የአጎቷ ሰንጋዎች ቴሌግራም ላይ በወጡ በማግስቱ ይሸጡ ጀመር፤ ሌሎች ነጋዴዎችም ይጠሯት ያዙ። ፎቶ ቤት ስትመለስም ሠልጣኞቹ እንደገና ተጠርተው በዝግታ ተነሱ። አሥራ ሦስቱ ዓይናቸውን ከፈቱ። አሥራ አራተኛው ተፈጥሮው ነው ተባለ።

አንድ ቀን ከፎቶ ቤቱ ማዶ የቁሳቁስ ሱቅ ያላቸው የስልጤው ነጋዴ ጋሽ ሀይረዲን ስልካቸውን ከፍተው ገቡ።

«ይሄን ሰንጋ ያነሳው ማን ነው? ለልጄ ለነቢል ሰርግ በፎቶ አይቼ ነው የገዛሁት። እንዲህ ያለ ግርማ ሞገስ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ይሄን ያነሳ ሰው ልጄንም ያንሳልኝ።»

ጋሽ ወልደሰንበት ተከፉ። «እኔ እኮ የእርስዎን የኒካህ ፎቶ አንስቻለሁ!»

«አንስተውኛል፣ አላህ ይስጥልኝ። ግን እንደ ሰንጋው አላማረብኝም» አሉ ጋሽ ሀይረዲን።

ሰርጉ ገላን ኮንዶሚኒየም ነበር፤ ድንኳኑ በሁለት ብሎኮች መሃል ተተክሏል። ዳሲቱ ከጭንቀቷ የተነሳ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪ ስትሞላና ስታወጣ አድራ፣ በጠዋት ደረሰች። ሙሽራዋ መርዋ ጣጣ የላትም፤ ሳቅ የማይለያት፣ ፊቷ ብርሃን ነው። ነቢል ግን ሌላ ነው። ካሜራ ሲያይ አንገቱ ትከሻው ውስጥ ይገባል፣ እጆቹ የሌላ ሰው እጆች ይመስላሉ። እሱ ጥቁር ሱፍ፣ እሷ ነጭ ቬሎ፤ ፀሐይዋም አናት ላይ ደርሳለች።

ዳሲቱ ይህን ታውቀዋለች። ሁለቱን በብሎኩ ጥላ ሥር አቆመች፣ የሙሽራዋን እህት ነጭ የጠረጴዛ ልብስ አስይዛ ብርሃኑን ወደ ነቢል አዞረች። ብርሃኑ ተስተካከለ። ነቢል ግን አሁንም ግንድ ነው። ዘመድ አዝማድ ቆሞ ያያል። የሙሽራው እናት ወይዘሮ ናዕማ «ልጄ ምን ሆነ?» እያሉ ነው። ዳሲቱ አላሰበችም። እግሯ ራሱ ወሰዳት። ከጎኑ ጠጋ አለች፣ ማጅራቱን ዳበስ አደረገችው፣ በምላሷ «ጭክ ጭክ» አለችና በለሰለሰ ድምፅ፣

«ጎሽ የኔ ሰንጋ፣ ጎሽ… ቀና በል… የኋላ እግርህን ትንሽ ሰብሰብ…» አለችው።

መርዋ ባሏን አየች፣ ወደ እግሩ አየች፣ የትኛው የኋላ እንደሆነ ልትለይ ሞከረች። ከዚያ ሳቋ ፈነዳ። ቬሎዋን ሰብስባ እስክትንበረከክ ድረስ ሳቀች። ነቢልም ግራ ገብቶት ሲያያት ቆይቶ እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ ትከሻው ወረደ፣ አንገቱ ወጣ፣ እጆቹ የራሱ ሆኑ። ዳሲቱ ፊቷ በእፍረት እየነደደ፣ ጣቷ ግን አልቆመም፤ ትጫናለች።

«ልጄን ሰንጋ አለችው! በሰርጉ ቀን!» አሉ ወይዘሮ ናዕማ።

ጋሽ ሀይረዲን ባለቤታቸውን ያዝ አደረጉ። «ሰንጋ ስድብ ነው እንዴ? ጥጃ ብትለው ነበር የሚከፋኝ።»

ከዚህ በኋላ ሥርዓት የለም። ሚዜዎቹ ተራ ገቡ። «እኔንም ሰንጋ በዪኝ!» ይላል አንዱ። ሌላው በአራት እግሩ ልቁም ወይ ብሎ ይጠይቃል። የነቢል አጎት፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ ወንበራቸውን አስመጥተው ተቀመጡና፣ «ለኔ እንኳን እንደ ዕድሜዬ ነው። ያረጀ በሬ ብለሽ አንሺኝ» አሏት። ዳሲቱ በልጅነቷም እንደዚያ ቀን የሳቀች አይመስላትም።

ፎቶዎቹ ሲታተሙ ወይዘሮ ናዕማ ራሳቸው ፎቶ ቤት መጡ። ዳሲቱ ልትሰደብ ተዘጋጅታ ቆመች። እሳቸው አንድ በአንድ አገላበጡ። ነቢል ብቻውን የቆመበት፣ ሳቁ ገና ከፊቱ ያልጠፋበት ፎቶ ላይ ሲደርሱ ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው አዩት።

«ይሄ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ በፎቶ ላይ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ይሄን አጉልተሽ አትሚልኝ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ምን እንዳልሽው ግን ለሰው አትናገሪ» አሏት።

ምስጢሩን ጠባቂ የለም፤ ከገላን እስከ አቃቂ ሳይሰማ የቀረ አልነበረም። ሰርግ ያለው ሁሉ «ያቺ ሰንጋ አንሺዋ ትምጣልን» ይል ጀመር። ጋሽ ወልደሰንበት የፎቶ ቤቱን ግማሽ ለቀቁላትና በስሟ ታፔላ እንድታጽፍ መከሯት። ምን ይቅደም በሚለው ላይ ግን ሁለት ቀን ተከራከሩ። እሳቸው ከብት ከሰው በላይ አይጻፍም አሉ፤ ዳሲቱ እንጀራዬ የመጣው ከሰንጋው ነው አለች። በመጨረሻ በፊደል ተራ ይሁን ተባለና «ዳሲቱ ፎቶ፦ ለመታወቂያ፣ ለሰርግ፣ ለሰንጋ» ተብሎ ተጻፈ።

ኦቦ ሶሬሳ ታፔላውን ሊያዩ መጥተው ለረጅም ጊዜ ቆመው አነበቡት።

«ሰንጋውን መጨረሻ ያደረጋችሁት ምን በድሎ ነው?» አሉና፣ የቀረበላቸውን ሻይ ሳይጠጡ ሄዱ።