ሰባቱ አተሞችና የጋሼ ከማል መሳቢያ

የበደለኝ ጋሼ ከማል ነው፤ ሸዋሮቢት ፊዚክስ ሳስተምር የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር የነበረው። ሽንኩርቱ በየማሳው በበሰበሰበት ዓመት ለውጭ ትምህርት የሚያስፈልገኝን የድጋፍ ደብዳቤ ፈረመና መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት። በጠየቅሁት ቁጥር «አንቺ ደግሞ ችኮላሽ! ጀርመን የትም አይሄድ» ይለኛል። ጀርመን አልሄደም፤ ዕድሜዬ ሄደ። የእሱን ፊርማ የማይጠይቅ ዕድል አግኝቼ ስወጣ ሃምሳ ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

የሄድሁ ዕለት መናኸሪያ ድረስ ሊሸኘኝ መጣ።

«ምንድን ነው የምታጠኚው?»

«ሂሊየም፣ ካርቦን ላይ ሲቀመጥ።»

«ፊኛ የሚነፋበት? ፊኛማ እዚሁ ጎረቤት ካራቆሬም ይሸጣል!»

መምህራኑ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሻንጣዬን የያዘው እሱ ነበር።

ሸዋሮቢት ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ ይቀልጣል፤ እዚህ ጀርመን በጋ በሚሉት ወር ካልሲ ደርቤ እተኛለሁ። እኛ ከዛፉ ቀጥፈን የምንበላው ማንጎ እዚህ በወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጣል፤ ስትቀምሱት ሳሙና ነው። ሥራዬ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ጥቂት የሂሊየም አተሞች ከማንኛውም በረዶ በባሰ ብርድ ካርቦን ላይ ቢያርፉ፣ በኳንተም ሕግ ምን እንደሚሆኑ አስመስዬ አሰላለሁ። ይህንን ለውጭ ዜጎች ቢሮ ሠራተኛ ማስረዳት ራሱን የቻለ ዲግሪ ነው።

«ሂሊየሙ የት ነው?» አለኝ።

«ኮምፒዩተር ውስጥ።»

«እንግዲያው የለም።»

«አለ። የቱ ጋ እንዳለ ግን በእርግጠኝነት አይታወቅም።»

መነጽሩን አወለቀ። «የእርስዎስ አድራሻ ይታወቃል?»

የመኖሪያ ፈቃዴ የሚታደሰው ሥራው ውጤት ማምጣቱን የምትመራኝ ፕሮፌሰር በስድስት ሳምንት ውስጥ ከጻፈችልኝ ብቻ ነው አለኝ። ዳግመኛ በሰው ደብዳቤ ተንጠለጠልሁ!

ውጤት ደግሞ የለም። የካርቦኑ ገጽ እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ማዕዘን ጉድጓድ ነው። ሰባት አተሞችን፣ አንዱን መሃል፣ ስድስቱን ዙሪያውን፣ በየጉድጓዳቸው አስቀመጥሁ። ሳምንታት ባሰላም ንቅንቅ አላሉም። ፕሮፌሰሯ ስክሪኑን አየችና «ሰኢዳ፣ አተሞችሽ ጨዋነት አበዙ። ቦታ እንዲለዋወጡ ፈቅደሽላቸዋል?» አለችኝ።

አልፈቀድሁም። ምክንያቱ ሲገባኝ አፈርሁ። እኛ ዘንድ ዱዓ ላይ ታላቅ ከተቀመጠበት አይነሳም፤ ቦታውንም ማንም አይነካበትም። እኔም ሳላውቀው መሃል ያለውን አተም ሽማግሌ አድርጌዋለሁ። ሂሊየም ግን ታላቅና ታናሽ የለውም፤ አንዱን ካንዱ የሚለይ ምንም ምልክት የለም። መለዋወጥን ፕሮግራሙ ውስጥ ጨመርሁ። ያን ጊዜ ሳይበታተኑ፣ አንዱ በአንዱ ቦታ እየገባ፣ እንደ ጠብታ ይፈስሱ ጀመር። ፕሮፌሰሯ ደብዳቤውን እዚያው ቁጭ ብላ ጻፈችና በእጄ ሰጠችኝ። ፈቃዴም ታደሰ።

በሳምንቱ ስልክ ተደወለ፤ ጋሼ ከማል።

«እትዬ ሰኢዳ፣ እንዴት ነዎት? አገሩስ ተስማማዎት?»

ያ ሁሉ «አንቺ» የት እንደገባ እንጃ።

«አልሐምዱሊላህ። ምን ልታዘዝ?»

«ፋጡማ ልጄ፣ ያስተማሯት፣ ለውጭ ትምህርት ልታመለክት ነው። የድጋፍ ደብዳቤ ቢጽፉላት ብዬ… ቀኑም ደርሶባታል።»

«ምነው ጋሼ፣ ችኮላዎ! ጀርመን የትም አይሄድ።»

ከኋላው የመኪና ጥሩምባና የገበያ ጩኸት ይሰማኛል። እንዳይዘጋው ፈራሁ።

«ማንጎው ደረሰ?» አልሁት።

«ደርሷል።»

ደብዳቤውን በዚያው ቀን ጻፍሁ። በቀጥታ ለልጅቷ ላክሁት። ለጋሼ ከማል ግልባጭ አላደረግሁም።