የአምፕሊፋየሩ ጠጋኝ

ባንዱ የሚጫወትበት ሠርግ ከሰዓት በኋላ አቦቦ ከተማ ላይ ነው። የባንዱ ጊታር ተጫዋች ኤልናታን ግን አምፕሊፋየሩን ታቅፎ ጋምቤላ ገበያ ውስጥ ጥገና ቤት ይፈልጋል። ጊታሩን በሰካ ቁጥር ድምፁ ይንኮሻኮሽና ጭራሽ ይጠፋል።

ያገኛት ጠጋኝ ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች፣ ጠና ያለች ረጅም ሴት ናት። መጀመሪያ ገመዱን በሌላ ቀየረች። መንኮሻኮሹ አልቀረም። የገመዱን ጫፍ መሰኪያው ውስጥ ቀስ አድርጋ እያወዛወዘች፣ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች።

“ገመድህ ጤነኛ ነው። መሰኪያው ላልቷል፤ ብየዳውም ተሰንጥቋል።”

ስትከፍተው እንዳለችው ሆነ። የላላውን ብረት በጉጠት አጠፍ አደረገች፣ ስንጥቁን እንደገና በየደች። ኤልናታን ሊሞክረው እጁን ሲዘረጋ ከለከለችው።

“እኔ የሠራሁትን እኔው ነኝ የምሞክረው።”

ጊታሩን ስትይዝ ነው የግራ እጇን ያስተዋለው። ጥፍሮቿ እስከ ሥጋው ድረስ ተቆርጠዋል፤ የጣቶቿ ጫፎች እንደ እሱ ጣቶች ደድረዋል። ከዚያ ተጫወተች። በበሩ የሚያልፉት ሰዎች አንድ በአንድ ቆሙ። ኤልናታን እንደዚያ ለመጫወት ዓመታት ታግሏል።

“እትዬ፣ የት ነበር የሚጫወቱት?”

“ሰው በሚጨፍርበት ሁሉ” አለችና ጊታሩን መለሰችለት።

ኤልናታን አምፕሊፋየሩን ሊያነሳ ጎንበስ ካለ በኋላ ተመልሶ ቀና አለ። “ይሄ ሁለተኛው መሰኪያስ ይሠራል?”

“ይሠራል።”

“እንግዲያው ሁለት ጊታር ይችላል፤ ሠርጉ ላይ ሊጫወቱ አብረውን ይምጡ።”

ከመደርደሪያው ጀርባ በነጠላ የተጠቀለለ ጊታር አወጣች። ሱቁን ቆለፈችና አገጯን ቀና አደረገች።

“እመጣለሁ። ግን መድረክ ላይ ከኋላ አልቆምም።”