ሁለተኛው ድስት

ዙሪክ፣ ከቤቴ አጠገብ ባለው ሱቅ፣ መደርደሪያ ላይ በጠርሙስ የረጋ ነጭ ስብ ሲያጋጥመኝ እጄ ሳያስፈቅደኝ ወደ ክዳኑ ይሄዳል። ያልገዙትን ዕቃ ከፍቶ ማሽተት እዚህ አገር ነውር ስለሆነ እመልሰዋለሁ። ልጄ እጄን ይዛ ወደ ፊት ትጎትተኛለች። እኔ ግን ለአፍታ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ጄኔቫ አጠገብ፣ ቨርሷ በሚባል ከተማ፣ የሰው ፍሪጅ ከፍቼ እያሸተትኩ ነው።

መጠርጠር የጀመርኩት እዚያ ቤት አይደለም። ከልጅነቴ ጀምሮ ተጠራጣሪ ነኝ። እናቴ፣ «አንቺ እኮ ጠበሉንም አሽትተሽ ነው የምትጠጪው» ትለኝ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ፤ እኔም ሳልመነጠር እዚህ የደረስኩት በዚሁ ጠባዬ ነው ብዬ እመካበት ነበር። ወደ ጄኔቫ የወሰደኝ የአንድ ዲፕሎማት ቤተሰብ ነው፤ ልጆቻቸውን እንድይዝና ቤቱን እንዳጸዳ። ምግቡን የምትሠራው ወጥ ቤት ግን ሜክሲኳዊት ነበረች፤ በዕድሜ እናቴን የምታህል፣ ወገቧ ላይ ፎጣ የማይለያት ሴት።

የሁለታችንም ፈረንሳይኛ የተሰባበረ ነበር። ገና በመጀመሪያው ቀን ማተቤን ይዤ «ኮሾን፣ ኖን» አልኳት፤ አሳማ አልበላም ማለቴ ነው። ማተቤን አየት አድርጋ፣ እሺ በሚል ራሷን ነቀነቀች። እያደር ረቡዕና ዓርብንም ለመደችው፤ በነዚያ ቀናት እንቁላሉንና አይቡን ሳልጠይቃት ከፊቴ ታነሳ ነበር። ሚሃ ትለኛለች፤ በነሱ ቋንቋ ልጄ ማለት ነው። ቀትር ላይ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሆኑ፣ ኩሽና ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን እንበላለን። ከመስኮቱ ማዶ ያለው የጄኔቫ ሐይቅ ብርሃን ጣሪያው ላይ ይንቀሳቀሳል። ለቂጣው የምትፈጨውን በቆሎ በኖራ ውሃ ስለምትቀቅለው፣ ኩሽናው ዝናብ የመታው የኖራ ግድግዳ ይሸት ነበር። በቂጣው ጥቁር ቦሎቄ እየጠቀለልን እንጎርሳለን።

እሷም በበኩሏ ተጠራጣሪ ነበረች። በእረፍታችን ቀን፣ እሑድ ከሰዓት፣ የሜክሲኮ ምግብ አለ የተባለበት ሁሉ ይዛኝ ትሄዳለች። ቂጣውን ሳትቀምሰው ቆርሳ ታሸተዋለች፤ «ስንዴ» ትልና ታስቀምጠዋለች። አንዱ ቤት ቦሎቄው ላይ የጣሳ በቆሎና ቢጫ አይብ ነስንሰው አመጡላት። ባለቤቱን በስፓኒሽ የየት አገር ሰው እንደሆነ ጠየቀችው፤ በፈረንሳይኛ መለሰላት። ከዚያ ወዲያ ሹካ አላነሳችም። የሚገርመው፣ የራሷም ምግብ ቢሆን አይጥማትም ነበር። ከድስቷ ትቀምስና፣ የእናቴ ጣዕም አልመጣልኝም ትላለች። ጨው ትጨምራለች፣ አሁንም አልመጣም። እኔ ጣቴን እየላስኩ እበላለሁ።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ነው። ላንሲ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ ያገሬ ልጅ ምን እየበላሁ እንደምኖር ስነግራት ሳቀች። ሜክሲኮዎች ቦሎቄ የሚሠሩት በአሳማ ስብ ነው አለችኝ፤ «ዓመት ሙሉ በልተሽዋል በይኛ።» በማግስቱ ጠዋት ልብስ የማጥፍ መስዬ ወጥ ቤቷን አየኋት። ከፍሪጁ ጥግ፣ ወረቀቱ የተላጠ የጃም ጠርሙስ አወጣች። ነጭ የረጋ ነገር በማንኪያ ዛቀችና ድስቱ ውስጥ ጨመረች። ስትወጣ ጠብቄ ከፍቼ አሸተትኩት። ምንም አይሸትም። ይሄ ደግሞ የባሰ አስጠረጠረኝ።

አትፍረዱብኝ። ማተቤን አይታ እሺ ያለች ሴት ዓመት ሙሉ አሳማ ካበላችኝ፣ ለንስሐ አባቴ ምን ብዬ ልናገር ነው? ከዚያ ይልቅ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። በዚያ አገር ልጄ የሚለኝ ከሷ በቀር ሰው አልነበረኝም፤ ይሄ ውሸት ከሆነ ሚሃ የሚለውም ውሸት ነው። ለምን አልጠየቅሻትም ትሉኝ ይሆናል። ያታለለ ሰው ሲጠየቅ እውነቱን ይናገራል እንዴ? በሆዴ ያዝኩት። በማግስቱ ከቁም ሳጥኑ ትንሽ ድስት አወጣሁና ለብቻዬ ምስር ጣድኩ። ሆዴን አሞኛል አልኳት። ድስቴን አየችው፤ የራሷን እሳት ቀነስ አደረገች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሁለት ድስት ጎን ለጎን ተንተከተከ። እሷ ቦሎቄዋን፣ እኔ ምስሬን ይዘን ፊት ለፊት እንቀመጣለን። ሚሃ ማለቷን አልተወችም፤ እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ምን ፈልጋ ነው እላለሁ።

በዚያው ሰሞን ዙሪክ ውስጥ ያገሯ ልጅ፣ የዚያው የሰፈሯ ሴት፣ ምግብ ቤት እንደከፈተች ሰማች። አብረሽኝ ካልሄድሽ አለችኝ። ልትደልለኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ፤ ሄድኩ ግን። ባቡሩ ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ። የበዓል ጉትቻዋን አድርጋ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ መንገዱን ሙሉ በመስኮት ታይ ነበር። ምግብ ቤቱ ስድስት ጠረጴዛ ብቻ ያላት ጠባብ ቤት ናት። በሩን ስንከፍት ያ የረጠበ ኖራ ሽታ ተቀበለን። ደፉ ላይ ቆም ብላ አየር ሳበች።

ቦሎቄው ለሁለታችንም መጣ። በቂጣ ጠቅልላ አንዴ ጎረሰች። ማኘኳን አቆመችና ዓይኗን ጨፈነች። እንባዋ በጉንጯ ወረደ፤ አልጠረገችውም። እኔ እጄን አጣጥፌ እጠብቃለሁ። አሁን ብዪ ትለኛለች፣ ያኔ እይዛታለሁ ብዬ።

እጇን ዘርግታ ሳህኔን ከፊቴ ሳበችው።

«አትንኪው» አለች። «ኮሾን አለበት።»

እሷ እያለቀሰች ሳቀች። «የኔ ቦሎቄ ላይ የጎደለው ይሄ ነበር» አለችኝ። ቀጥላም፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ «ያ ነጩ የኮኮናት ዘይት ነው፤ ሲበርደው ይረጋል። ስታሸቺው አይቼሻለሁ፣ ሚሃ» አለች።

ፊቴ ነደደ። ታዲያ የራስሽን ለምን በአሳማ ስብ ለብቻ አትሠሪም ነበር አልኳት። ጥያቄው ግራ እንደገባት ሁሉ አየችኝ።

«ለሁለት ሰው ሁለት ድስት ይጣዳል እንዴ?»

ለኔ አቮካዶና ቂጣ አዘዘችልኝ። ከዚያ የሷንም የኔንም ሳህን ቦሎቄ አንድ ሳታስቀር በላች፤ ሳህኑን በቂጣ ጠረገችው። እንደዚያ ስትበላ አይቻት አላውቅም ነበር።

በባቡር ስንመለስ ይቅርታ ልላት ብዙ ጊዜ አፌን ከፈትኩ። የማውቀው ቃል ፓርዶን ነው፤ እሱ ደግሞ አውቶቡስ ውስጥ የሰው እግር ሲረግጡ የሚባል ነገር ነው። ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። በማግስቱ ትንሹን ድስቴን አጥቤ ወደ ቁም ሳጥኑ መለስኩት። አየችኝና የሷ ድስት ውስጥ ውሃ ጨመረች።

ዓመቱ ሳያልቅ ቤተሰቡ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ፤ ወጥ ቤቷም አገሯ ገባች። ስልኳ ለጥቂት ወራት ሠራ፣ ከዚያ መጥራቱን አቆመ። እኔን ትዳር ወደ ዙሪክ አመጣኝ። ያቺ ምግብ ቤት ዛሬ የሞባይል መጠገኛ ሆናለች። ይቅርታዬ አሁንም እኔው ጋ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጥቁር ቦሎቄ እሠራለሁ። ነጩን ከጠርሙሱ በማንኪያ እዝቃለሁ፤ አሁንም ሳላሸት አልጨምረውም። ልጄ ትቀምስና፣ «ማሚ፣ ጉት ነው፣ ግን ኤትቫስ ፌልት» ትለኛለች፤ በጀርመንኛ፣ ጥሩ ነው፣ ግን የሆነ ነገር ይጎድለዋል ማለቷ ነው። እጇን ወደ ጨው ስትሰድ እይዛታለሁ።

እንዲሁ ብዪው እላታለሁ፤ ለኔ ተብሎ ነው የጎደለው።