ከፍሪጁ ጀርባ የተገኘችው ፀሐይ

ባለፈው ሳምንት አልዐይን ከተማ፣ አል ሙዋይጂ ሰፈር የኖርንበትን ቤት ለቀን ስንወጣ፣ ዕቃ ጫኞቹ ፍሪጁን ከግድግዳው ሲያላቅቁት ከአቧራና ከደረቀ ሎሚ ጋር አንዲት የካርቶን ፀሐይ ወጣች። ቢጫነቷ ወደ ቡናማ ሄዷል፣ ከጨረሮቿ ሁለቱ ታጥፈዋል፣ ከጀርባዋ ያለው ሙጫ ግን ወደ አፍንጫ ሲያስጠጓት አሁንም ያንን የሚያቅለሸልሽ የከረሜላ ሽታ ትንሽ ትንሽ ይሸታል። አንደኛው ሰውዬ በመጥረጊያ ሊገፋት ሲል ቀደምኩት። በወረርሽኙ ጊዜ፣ ወንድሜ ናሆም የአምስት ዓመት ልጅ፣ እኔ ደግሞ የአሥራ አራት ዓመት አኩራፊ ሳለን፣ ቤቱን ገልብጬ የፈለግኳት ፀሐይ ነበረች።

ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ትምህርት ሁሉ ታብሌት ውስጥ በገባበት በዚያን ጊዜ፣ አባዬ የሕንፃ ጥበቃ ስለሆነ አዳሩን ሠርቶ ጠዋት ይተኛል፤ የእኔ ክፍል የሚጀምረው ከሰዓት ስለነበር የናሆምን የመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት የምከታተለው እኔ ነበርኩ። ትምህርት ካሉት ነው እንግዲህ። ሒሳብ ማለት ከኩሽና ማንኪያ አምጥቶ እስከ አምስት መቁጠር ነው። ሳይንስ ማለት ባቄላ በጥጥ ጠቅልሎ ውኃ ማጠጣት ነው፤ የእኛው ባቄላ ሸተተ እንጂ አልበቀለም፣ ለሽታውም ኮከብ ተሰጠን። ስፖርት ማለት ሁለት ሶፋ በማያስገባ ሳሎን ውስጥ እንደ እንቁራሪት መዝለል ነው፣ ታች ያሉት ጎረቤቶች ጣራቸውን በመጥረጊያ እንጨት እስኪደበድቡ ድረስ። ሥነ ምግባር ማለት ደግሞ አሻንጉሊትን ለጓደኛ ማካፈል ነው፣ ያውም ጓደኛ የሚባል ፍጡር ደጃፍ እንዳይረግጥ በተከለከለበት ወራት። መምህርቷ ሚስ ሊንዳ፣ አንዱ ሕፃን አፍንጫውን ጎርጉሮ ያገኘውን ለካሜራ ቢያሳያት እንኳ «ጎበዝ፣ የኔ ጀግና» ብላ ኮከብ የምትለጥፍ ሴት ነበረች።

ከሁሉ የምንቀው ግን የአየር ሁኔታን ነበር። ትምህርት ቤቱ ፀሐይ፣ ደመና፣ ዝናብና በረዶ የሚሉ አራት ካርቶኖች ልኮልን የፍሪጁ በር ላይ ሰሌዳ አበጅተናል። አልዐይን በረሃ ላይ በረዶ! በየማለዳው ሚስ ሊንዳ ዓይኗን አፍጥጣ «ዛሬ አየሩ እንዴት ነው?» ትላለች፣ ሕፃናቱም ወደየመስኮታቸው ሮጠው ይመለሱና «ሰኒ!» እያሉ ይጮኻሉ፣ እሷም በሕይወቷ እንዲህ ያለ ዜና ሰምታ እንደማታውቅ ሁሉ ታጨበጭባለች። ድንጋዩ እንኳ የሚያውቀውን ነገር ለማወቅ ታብሌት ፊት መቀመጥ ለምን እንዳስፈለገ እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም።

እማዬ አቡዳቢ፣ ሳዲያት ደሴት፣ አንድ ቪላ ውስጥ ልጅ ታሳድግ ነበር። በደጉ ጊዜ አርብ አርብ ትመጣለች። ወረርሽኙ ሲገባ አሠሪዋ ማዳም፣ የገዛ ልጇን የጫማ ቁጥር እማዬን ጠይቃ የምትረዳዋ ማዳም፣ «ከወጣሽ አትመለሺም፣ ኸላስ፣ አለቀ» አለቻት፤ ቀጥሎም የአልዐይንና የአቡዳቢ መንገድ ተዘጋ። እማዬ እዚያ ቪላ ውስጥ ከማዳም ልጅ ጎን ተቀምጣ የሰው ማንኪያ ስትቆጥር፣ እዚህ ናሆም ስለ እሷ ይጠይቅ ጀመር። አንድ ጠዋት አባዬን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ማማ ለምን እንደቀረች ጠየቀው። አባዬም ዓይኑን ሳይገልጥ «ወንዝ ሞልቶባት ነው ልጄ። ፀሐይ ስትወጣ ይጎድላል፣ ያኔ ትመጣለች» አለው።

አባዬ የጎጃም ሰው ነው። እሱ ባደገበት ቀዬ ክረምት ላይ ወንዝ ሲሞላ ዘመድና ዘመድ ማዶ ለማዶ ተያይቶ ይቀራል፣ ተማሪም ከትምህርት ይቀራል፣ ሬሳ ሳይቀር ውኃው እስኪጎድል ይጠብቃል፤ ሰው ከሰው የሚቀርበት ከዚህ የበለጠ የተከበረ ምክንያት አያውቅም። እዚህ ግን ወንዙ የት አለና ይሞላል? ናሆም በዕድሜው ወንዝ አይቶ ስለማያውቅ አንዲት ቃል ሳትቀር አመነ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ የሞኝ ጥያቄ ለእሱ የዓለም ትልቁ ጥያቄ ሆነ። ወደ መስኮቱ ይሮጣል፣ ሰማዩን ልብ ብሎ ያያል፣ ፀሐይዋን ፍሪጁ ላይ በሁለት መዳፉ ጫን አድርጎ ይለጥፋል፣ ከዚያ ጫማውን አድርጎ በሩ ሥር ይቀመጣል። ማንኪያ ቁጠር ሲሉት አይቆጥርም፣ ዝለል ሲሉት አይዘልም። ማታ ጫማውን የማወልቅለት እኔ ነበርኩ፤ አንጀቴን በላው።

እንዲህ ሲል ቆይቶ አንድ ማለዳ ፀሐይዋ ጠፋች። ናሆም ዝናቡን አንስቶ ለጠፈና «ሬይኒ» አለ። ሚስ ሊንዳ እየሳቀች ደግሞ እንዲያይ ነገረችው፤ «ሬይኒ» አለ። ከኮርንፍሌክስ ካርቶን ሌላ ፀሐይ ቀድጄ ሠራሁለት፣ አልነካትም። ለተበላሸ ባቄላ ኮከብ የምትረጨው ሴት ለእሱ ከለከለችው፤ በየቀኑ ዝናብ እያለ ከሰነበተ በኋላም ትምህርት ቤቱ በሚያምር ቋንቋ መልእክት ላከልን። ልጁ በዙሪያው ያለውን አይገነዘብም፣ በድጋሚ በሚሰጠው ፈተና ካልተሻሻለ ዓመቱን ይደግማል። ከዚያ ሁሉ ሕፃን መካከል ስለ አየር ሁኔታ ከልቡ ያሰበው እሱ ብቻ ነበር፣ ሊጥሉት ያሰቡትም እሱን ነው። እማዬ ይህን በስልክ ስትሰማ ማዳምን ልትለምን ስልኩን ዘጋችው።

በድጋሚ ፈተናው ዋዜማ፣ መንገዱም ተከፍቶ ማዳምም አንድ ቀን ራርታ፣ እማዬ መጣች። ማስክ በማስክ ላይ ደርባ ደጃፉ ላይ ቆመች፣ ታጥባ ሳትጨርስ ልታቅፈን ፈራች። ናሆም ራቅ ብሎ ቆሞ ከእግሯ እስከ ራሷ አያት። ልብሷ ደረቅ ነበር።

«ማማ፣ ወንዙ ጎደለ?» አላት።

«የምን ወንዝ፣ የኔ ጌታ?»

አባዬ ድንገት የሻይ ውኃ ሊጥድ ወደ ኩሽና ገባ። ናሆም የእሱን ጀርባ አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ፣ አላለቀሰም። ስታቅፈውም እጁን አላነሳም።

በማግስቱ ሚስ ሊንዳ አየሩ እንዴት እንደሆነ ስትጠይቀው፣ ዞር ብሎ መስኮቱን ሳያይ «ሰኒ» አለ። ኮከቡ ተሰጠው፣ ድብ የተሳለበት የምስክር ወረቀትም መጣለት፤ አስደናቂ መሻሻል አሳይቷል ይላል። ያንን ወረቀት ቀድጄ የጣልኩት እኔ ነኝ፣ ዛሬም ባገኘው እቀደዋለሁ።

ፀሐይዋ ከፍሪጁ ጀርባ የተገኘችው ወድቃ አይደለም። የትንሽ ልጅ ክንድ እስከሚደርስበት ድረስ ወደ ውስጥ ተገፍታ፣ ታጥፋ ተሰንቅራ ነበር። ለናሆም አሳየሁት። አሁን ቁመቱ ትከሻዬን አልፏል። «ዋት ኢዝ ዛት? ጣይው» አለኝና ወደ ስልኩ ተመለሰ። ጠባዩ መልካም ነው፣ ውጤቱም ጥሩ ነው፣ ማንንም ለምን ብሎ አይጠይቅም።

እማዬ ዛሬም ያው ሳዲያት ናት። አርብ እመጣለሁ ብላ ትደውላለች፤ አንዳንዴ ትመጣለች፣ አንዳንዴ ትቀራለች። ናሆም «ኦኬ ማማ» ይላታል፣ ጫማውን ግን አያደርግም።