ለጎብኚ የተወጠረ ጨርቅ

የሚስቴን ታናሽ ወንድም ሰፈሩ ሁሉ «ጨርሰናል» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት አማቴ ናቸው። ልጅ ሳለ ቤት ጥረግ ሲባል ቆሻሻውን ምንጣፍ ሥር ሸጉጦ «ጨርሰናል» ይል ነበር። ሲለግም ብቻውን ነው፣ ሲያወራ ግን እንደ ብዙ ሰው ነው። አድጎ የመንገድ ሥራ ድርጅት ሲቀጥረውም ያው ነው፤ ምንጣፉ ብቻ ሰፋ።

እኔና ሚስቴ የምንተዳደረው በዓሣ ኩሬ ነው። ከወንዙ በቀጭን ቦይ ውሃ ስበን ዓሣ እናረባለን። ኩሬውን ሁለታችን ብንቆፍረውም ዓሣዎቹ የእሷ ናቸው፤ ጠዋት የውሃውን መልክ ሳታይ ፊቷን እንኳ አትታጠብም። እናታቸው ካረፉ በኋላ ወንድሟን አስተምራ ለቁም ነገር ያበቃችውም እሷ ናት። ቁም ነገር ከተባለ።

ከኛ በላይ ያለው አሮጌ ድልድይ ፈርሶ አዲስ ሊሠራ፣ በጎኑ ወንዙ ውስጥ ለምትገባው ጅረትም ትልቅ የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ ሊቀበር ተወሰነ። የሳይት ኃላፊ ሆኖ የመጣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጨርሰናል። ሚስቴ ደስ አላት። «የራሳችን ሰው ነው፣ ውሃዬን ያስብልኛል» አለች።

ሥራው ሲጀመር የአካባቢ ጥበቃ ተቆጣጣሪዋ መጥታ የሚደረገውን አንድ በአንድ ነገረችው፤ እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ። የተቆፈረው አፈር ከወንዙ ዳር ርቆ ላስቲክ ይልበስ። ጅረቷ በአሸዋ ከረጢት ተገድባ በጎን ትለፍ፣ ቁፋሮው በደረቅ መሬት ይሁን። ከጉድጓዱ በፓምፕ የሚወጣው ድፍርስ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይቆይ፤ ደለሉ ሲዘቅጥ የጠራው ብቻ ይለቀቅ። በወንዙ ዳር ደለል የሚይዝ ጨርቅ ይወጠር፣ የታች ጫፉም አፈር ውስጥ ይቀበር። እሱ በየመሀሉ ራሱን እየነቀነቀ «ይሄማ ምን ችግር አለው» ይላል።

ጨርቁን እውነትም ወጠረው። በወንዙ ዳር እንዳይመስላችሁ፤ መኪና በሚያልፍበት በመንገዱ በኩል ነው፣ ውሃ ሽቅብ ካልፈሰሰ በማይደርስበት ቦታ። ጫፉ ስላልተቀበረ እንደ ታጠበ አንሶላ በነፋስ ይወዛወዛል። ከዋናው መሥሪያ ቤት ጎብኚዎች መጡ። ጫማቸው እንዳይቆሽሽ ጣውላ ተነጠፈላቸው፣ በጨርቁ ፊት ተደርድረው ፎቶ ተነሱ። አንደኛው «አርአያ የሚሆን ሥራ ነው» ሲል ሰማሁት። ዞር ብሎ ወንዙን ያየ አንድም ሰው አልነበረም። የተረፈው ጨርቅ ለጨርሰናል መኪና ጥላ ሆነ።

ውሎ አድሮ የኩሬው ውሃ እየደፈረሰ መጣ። ሚስቴ ወደ ሳይቱ ሄደች፤ ተከተልኳት።

«እትዬ፣ ምን እግር ጣለሽ?» አላት፣ ከመኪናው ጥላ ሥር ሳይነሳ።

«ውሃው ደፍርሷል።»

«ወንዝ አይደል? ይደፈርሳል፣ ደግሞ ይጠራል።»

«ዝናብ ሳይዘንብ?»

«ሥራ ላይ ነና። እኛ ድልድይ እንሠራለን፣ አንቺ ስለ ዓሣ ታወሪያለሽ።»

«ያ የአፈር ክምርስ ከዳሩ መቼ ነው የሚነሳው?»

«እሱንማ ጨርሰናል።»

ክምሩ ከጀርባው እንደ ተራራ ቆሟል፣ ያውም ራቁቱን።

ስንመለስ ማጠራቀሚያ የተባለውን አየነው። «ማጠራቀሚያ» የሚል ሰሌዳ ተተክሎበታል፤ ውስጡ ደርቆ ሠራተኞቹ ምሳ ይበሉበታል። የፓምፑ ጎማ በታጨደ ሣር ተሸፍኖ ጭቃውን በቀጥታ ወደ ጅረቷ ይተፋል። ሚስቴ ሣሩን ገለጥ አድርጋ አየችና መልሳ ሸፈነችው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ክምሩ ተንዶ ጅረቷ ውስጥ ገባ። የአዲሱ ቱቦ አፍ ተደፈነና ውሃው መሄጃ ሲያጣ መንገዱን ቆርጦት አለፈ። ወደኛ የደረሰው ውሃ አይባልም፣ ሊጥ ነው። ቦዩን በጣውላ ልንዘጋ ስንሮጥ ጭቃው ቀደመን። ዓሣዎቹ አየር ፍለጋ አፋቸውን ከውሃው በላይ ይከፍቱ ጀመር። ሚስቴ ከነልብሷ ገብታ በእጇ እያፈሰች ወደ በርሜል ከተተች። ጥቂቶቹ ተረፉ። የቀሩት በጎናቸው ተንሳፈፉ።

በማግስቱ ጨርሰናል ቤታችን መጣ። የሞቱትን ዓሣዎች የያዘው ባልዲ በሩ አጠገብ ነበር።

«እትዬ፣ ተቆጣጣሪዋ መምጣቷ ነው» አለ። «ከጠየቀችሽ ዝናቡ ከልክ ያለፈ ነበር በያት። ላስቲኩን ነፋስ ወሰደው፣ እኔም እንደዚያ ነው የምላት።»

«የቱን ላስቲክ?»

«በቃ፣ ላስቲኩን። ዓሣ እንደሆነ ሌላ ይገኛል።» ከዚያ ወደ ታች አየና «ይሄን ባልዲ ፈቀቅ አድርጉልኝ እስቲ፣ ጫማዬን ሊያበላሸው ነው» አለ።

ብዙ ጊዜ ሲዋሽ አይቼዋለሁ። እንደዚያ ቀን ግን ንቄው አላውቅም።

ሚስቴ ባልዲውን አልነካችውም። «ስታድግ ስንት ነገር ሸፍኜልሃለሁ» አለችው። «ይሄን አልሸፍንልህም። ሂድ።»

ተቆጣጣሪዋ ስትመጣ ሚስቴ እጇን ይዛ ወደ ጎማው ወሰደቻትና ሣሩን ገለጠችላት። «ይሄ የማን ሥራ ነው?» ብላ ተቆጣጣሪዋ ጠየቀች።

«የቀን ሠራተኞቹ ናቸው፣ እኔ አላየሁም» አለ ጨርሰናል።

የፓምፑ ኦፕሬተር አጠገቡ ቆሞ ነበር። «ራስህ አይደለህ እንዴ ያዘዝከኝ?» አለው።

ሥራው ታገደ፣ ጨርሰናልም ከሳይቱ ተነሳ። ድርጅቱ ግን አላባረረውም፤ እንደሱ ዓይነቱ አይባረርም። ዋናው መሥሪያ ቤት ወስዶ እንግዳ ተቀባይ አደረገው። በእሱ ቦታ የመጣችው ኃላፊ ክምሩን አስነሳች፣ ጨርቁን ወንዙ ዳር አስቀበረች፣ ማጠራቀሚያውን በጥልቀት አስቆፈረች፣ ድልድዩ ሲያልቅም የተራቆተውን ዳር ሣር አስዘራችበት። ውሃው ቀስ በቀስ ጠራ።

በመሀሉ የጨርሰናል ሚስት ደወለች። እሱ በእህቱ በጣም አዝኗል፣ ይታረቁ ነው የምትለው።

«አላኮረፍኩትም፣ ይምጣ» አለቻት ሚስቴ። «ኩሬው ጭቃ እንደሞላ ነው፣ አካፋም አለን።»

አልመጣም። ጭቃውን እኔና እሷ ጠርገን አወጣነው፤ ወገባችን ተቆረጠ። ዛሬ ሰው ስለ ወንድሟ ሲጠይቃት «ደህና ነው» ትልና ወሬ ትቀይራለች። እኔ ግን አልቀይርም፤ ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ።