ሳንልከው የቆየው እርማት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ ከነቅጠሉ የተቆረጠ የቡና ቅርንጫፍ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ፍሬው ገና አረንጓዴ ነው፤ ጎኑ ግን ጠቁሮ ወደ ውስጥ ገብቷል። የረጠበ ቅጠል ሽታ ቢሮውን ሞላው። ልጅቷ ታስረዳኛለች፣ እኔ ግን መስማት ትቼ ነበር። ያ ሽታ ሁልጊዜ የሚወስደኝ አሰንዳቦ ነው፣ ወደ አንድ ጓደኛዬ እናት የቡና ማሳ።

ያኔ ጅማ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር። ጓደኛዬ የክፍሌ ልጅ ነው፣ የአሰንዳቦ ገበሬ ልጅ። እኔ ከደጋ የመጣሁ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ፣ እንግሊዝኛዬ የተወለወለ፣ ምላሴም ስለታም። እሱ ዝምተኛ ነው፤ ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ ግን የሚያህለው አልነበረም። መንደራ ቆጪ ሰፈር ከተከራየኋት ክፍል በባጃጅ ስደርስ ሁልጊዜ ቀድሞኝ ቤተ ሙከራው ውስጥ ተቀምጦ አገኘዋለሁ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ የስክሪኑ ብርሃን ፊቱን አመድ አስመስሎት።

የምንሠራበት ፕሮግራም የዝናብና የሙቀት መዝገብ ተቀብሎ፣ ዝናብ ሲበዛ የሚበረታው፣ ፍሬ የሚያጠቁረው በሽታ መቼ እንደሚመጣ ይተነብያል። በየአገሩ ያሉ ተመራማሪዎች በጋራ የጻፉት ነው። ማንም በነፃ ይወስደዋል፤ ስህተት ያገኘ ደግሞ አርሞ ይልክላቸዋል፣ እነሱም አይተው ይቀበላሉ። ደንቡ ይኸው ነው።

ሚያዝያ ላይ ጓደኛዬ ስህተት አገኘ። የሰፈራቸውን ዝናብ የሚለካው አጎቱ ነው። መለኪያው ከወንዝ ማዶ ተተክሏል፤ ወንዙ የሞላ ቀን አጎቱ መሻገር አይችልም። በማግስቱ ሲደርስ፣ የትናንቱን ከዛሬው አትደባልቅ ስለተባለ፣ ውሃውን ደፍቶ መዝገቡን ባዶ ይተወዋል። ታማኝ ሰው ነው፣ ያልለካውን አይጽፍም። ፕሮግራሙ ደግሞ ባዶውን ሁሉ አልዘነበም ብሎ ይቆጥረዋል። እንግዲህ አስበው፣ ዶፍ የወረደበት ቀን ሁሉ ደረቅ ሆኖ ቁጭ።

"ሜ፣ እስቲ ነይ እዪው" አለኝ። ያረመው ጥቂት መስመር ብቻ ነበር። "አንቺ ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ ጻፊልኝና ዛሬውኑ እንላከው።"

እኔ እቴ። እርማት ከተገኘ የመመረቂያ ጽሑፌ አንድ ምዕራፍ ላደርገው ቀድመን ተስማምተን ነበር። አማካሪያችንም "ሳትመረቁ ኮድ እንዳታወጡ፣ ሌላ ሰው ይቀድማችኋል" ብሎናል። ከሁሉም በላይ ግን ፈራሁ። ያን ዝርክርክ ኮድ የዓለም ሊቅ ሁሉ እያየ ሲስቅብን ታየኝ። "ይቆይ፣ መጀመሪያ እናጽዳው" አልኩት። "እኔ እሺ ሳልል ላትልክ፣ ለሰውም ላታወራ ቃል ግባልኝ።" ገባልኝ። ቃል ለሱ ቀልድ አልነበረም።

ግንቦት ላይ የወረዳው የግብርና ባለሙያ ያንኑ ፕሮግራም አውርዶ፣ ያንኑ የጓደኛዬን አጎት መዝገብ አስገብቶ፣ ገበሬውን ሰበሰበና "በሽታው ዘንድሮ አይመጣም፣ ለመድኃኒት አትድከሙ" አለ። ሰውየው አልዋሸም፤ ማሽኑ ያለውን ነው ያለው። ዝናቡንማ ገበሬው በዓይኑ አይቷል፤ ግን መድኃኒቱ ውድ ነው፣ አይመጣም ሲባል ደስ አለው። ጓደኛዬ ይህን እንደሰማ እኔ ዘንድ እየሮጠ መጣ።

"ለጎረቤቶቹ ልንገራቸው?"

"አንተ ተማሪው የባለሙያውን ቃል ብታፈርስ ማን ይሰማሃል? ለእናትህ ብቻ ንገር፣ ይበቃል። ለምረቃው ሁለት ወር ነው የቀረን።"

እንዲህ አልኩ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ብረሳው በወደድኩ።

እናቱ መድኃኒቱን ገዝተው ረጩ። ሐምሌ ሲገባ የጎረቤቱ ቡና ሁሉ ጠቁሮ ረገፈ፣ የአጎቱም ጭምር። የእሳቸው ማሳ ብቻ መሃል ላይ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ። ገጠር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይደበቅም። ሰው ጠየቃቸው፤ እሳቸው ልባቸው ንጹሕ ነው፣ "ልጄ ርጪ ብሎኝ ነው" አሉ። አለቀ። "አውቃችሁ ዝም አላችሁ" ተባሉ። ገበያ መንገድ ላይ ሰላምታ የሚሰጣቸው ጠፋ።

እርማቱን የላክነው እንደተመረቅን ነው፣ ሳይጸዳ፣ እንደነበረው። በሁለተኛው ቀን ከማላውቀው አገር ሰው መልስ መጣ። እናመሰግናለን፣ ተቀብለነዋል ይላል። ማንም አልሳቀም። ዛሬ ተማሪዎቼን የምጨቀጭቃቸው ለዚህ ነው። ከነቆሻሻው ላኩት እላቸዋለሁ፤ ሰው ያጸዳላችኋል። አመለኛ ናት ይሉኛል፣ ይበሉኝ።

ኅዳር ላይ ለቀማ ደረሰ። እዚያ አገር ቡና የሚለቀመው በደቦ ነው፤ ዛሬ ለኔ፣ ነገ ላንተ። እናቱ እንደ ደንቡ በየቤቱ ዞረው ጠሩ፣ በብዙ ሰው ልክ ገንፎ አገነፉ። በቀጠሮው ጠዋት ግን አንድም ሰው አልመጣም፣ የገዛ ወንድማቸው፣ ዝናብ ለኪው እንኳ። ሦስታችን ለቀምን፣ እናት፣ ልጅ፣ እኔ። ከማዶ የሰው ሳቅ ይሰማል። ቀዩ ፍሬ እኛ ሳንደርስበት ደርቆ መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስንራመድ ከእግራችን ስር ይንኮሻኮሻል። ገንፎው ቀዝቅዞ ቆዳ አበጀ።

ቀትር ላይ እናቱ በጣሳ ውሃ ሰጡኝና እጄን ያዙት። መዳፋቸው በቡና ሙጫ ጠቁሯል።

"ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ አንቺ የሩቅ አገር ልጅ መጣሽልኝ። የኔው ልጅ ግን አፉን ዘግቶ ከአገር ጋር አጣላኝ። አላህ ይቅር ይበለው እንጂ ምን እላለሁ። ገለቶሚ፣ አመሰግንሻለሁ ልጄ።"

"ኧረ እማማ፣ ምን አደረግሁ ብለው ነው" አልኩ።

እሱ ከጀርባቸው ቆሞ ነበር። አየኝ። አፉን ከፍቶ ቢያጋልጠኝ እውነት ነበረው። ቅርጫቱን አነሳና ወደ ዛፎቹ ተመለሰ። እኔም ውሃዬን ጠጣሁ።

እናቱ አምና አረፉ። ዝም በል ያልኩት እኔ እንደሆንኩ እሱ አልነገራቸውም። እኔም አልነገርኳቸውም።