ከሰሉ ሲጠግብ

ዝናብ የነካው ከሰል ሲሸተኝ፣ ሰበታ ያለው የልጅነት ቤታችን ጓሮ አሁንም ድቅን ይልብኛል። ወንዙ ከቤታችን በታች ነበር፤ ክረምት ክረምት ሞልቶ ሲፈስ ከላይ ያለው የጨርቅ ፋብሪካ የሚለቀው ቀለም ብዙም አይታወቅም ነበር፣ በጋ ገብቶ ወንዙ ሲቀጥን ግን አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ቀይ እየሆነ ይወርድና ሽታው እንስራችን ላይ ይቀር ነበር።

አንድ በጋ አባዬን መረረው። «ብርቄ፣ ይሄ ውሃ ልጆቹን ሳይጨርስብን ተፍኪ ያለው ወንድሜ ዘንድ እንግባ» አላት እማዬን። ለእሷ ደግሞ ተድራ የገባችበትን፣ ሁላችንንም የወለደችበትን ደጅ ትቶ መሄድ ሞቷ ነበር። «እስቲ ትንሽ ታገሰኝ» ብላ ለመነችው።

የወተት ቅላችን ሲሸት የወይራ ፍም ጨምራ እያንከባለለች ታጥነው ስለነበር፣ እንስራውንም እንደ ቅሉ አጠነችው። ታዲያ ውሃው ቀለሙን ሳይለቅ ጭስ ጭስ ይል ጀመር! ጎረቤታችን ኦቦ ገመዳ ቀምሰው፣ «ብርቄ፣ ቀዩን ውሃ ጠብሰሽ አቀረብሽልን እኮ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። እሷም አብራ ስቃ ስታበቃ፣ «ሽታውን የሚጠጣው ፍሙ ይሆናል እንጂ ጭሱ አይደለም» ብላ ከሰል ወቀጠች፣ አጥባም ታቹ የተበሳ ገንቦ ውስጥ አሸዋ ላይ ደለደለችው፣ ውሃውንም ቀስ እያደረገች አፈሰሰችበት። ጠብ ጠብ እያለ የወረደው ውሃ፣ ምን ልበላችሁ፣ የጣሳውን ታች ያሳይ ነበር። አፍልታ አጠጣችን፤ አባዬም ተፍኪን ማንሳት ተወ።

በልግ ሳይገባ ግን ከገንቦው በሚወርደው ውሃ ላይ ቀለሙ ተመልሶ መጣ። አባዬ ጓዛችንን የሚጭን አህያ ሊከራይ ሲነሳ፣ እማዬ ገንቦውን ገልብጣ ከሰሉን በእጇ እያሸች ስታየው ቆየችና፣ «ጠግቦ ነው እኮ! የጠገበ ሰው ሌላ ይጎርሳል እንዴ?» አለችው። አዲስ ከሰል ስትቀይርበት ውሃው ጠራ። አባዬ የአህያውን ነገር ትቶ ለከሰል የሚሆን እንጨት ፍለጋ ወጣ፤ እኛም እዚያው አደግን።

ዛሬ የልጅ ልጄ ቡራዩ አንድ ጨርቅ ማቅለሚያ ቤት ትሠራለች። ባለፈው ወስዳ፣ ከቡና ገለባ የተከሰለ ከሰል የሞላበት፣ ቤት የሚያህል በርሜል አሳየችኝ፤ ቀለሙ በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላው በኩል ኩልል ያለ ውሃ ይወጣል። «እማማ፣ ሳይጠራ ወደ ወንዙ አይከፈትለትም» አለችኝ። ሁሉም ወንዝ ገና አልጠራም፣ አውቃለሁ። እናቴ ግን ውሃውን የምታጠራው እኛ ዘንድ ከደረሰ በኋላ ነበር፤ ይህቺ ልጅ ከታች ላለ ለማታውቀው ሰው ብላ፣ ሳይሄድ ታጠራዋለች።